ሰይጣን አለበት የተባለው ገደል

ያን ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን ጉደር ገደል ስወርድ... እናንተ ዛሬ «ሃይኪንግ» ትሉታላችሁ አሉ። ጫማው ተገዝቶ፣ ቦርሳው ተገዝቶ፣ ፎቶ ተነሥቶበት። በእኛ ጊዜ ያለ ሥራ ገደል የሚወርድ ሰው ወይ ያበደ ነው ወይ የሚፈለግ ነው። እኔ ሁለቱንም አልነበርኩም፤ ሰው የሰለቸኝ አስተማሪ ነበርኩ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከደሴ ተመድቤ ጉደር ማስተማር ከጀመርኩ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆነኝ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ስወጣ የውይይት ክበብ... የሰው ድምፅ የማይሰማበት ቦታ አማረኝ። ወንዙ የሚወርድበትን ገደል ሁልጊዜ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ። አከራዬ አዴ ብርቄ ግን እዚያ እንዳትወርድ፣ ሰይጣን አለበት ብለውኛል። ደግ ሴት ናቸው፣ ጨዋታ አዋቂ። አንድ ልጃቸው ቶላ አዲስ አበባ ሥራ እንደያዘ ለመጣው ሁሉ ያወራሉ። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ሰይጣን የለም እየተባልኩ የምማር ሰው ነኝ፤ ሳቅኩና ወረድኩ።

መንገድ የሚባል ነገር የለም። ድንጋዩን በእጄ እየያዝኩ፣ እሾኹ ሱሪዬን እየያዘኝ፣ አንዳንዴም በቂጤ እየተንሸራተትኩ... ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ፏፏቴው ይጮኻል። ግራና ቀኙ ግድግዳ ሆኖ ሰማዩ ጠበበ። ደስ ይለኛል ብዬ የወረድኩበት ቦታ ከበደኝ። ልመለስ ስል በውኃው ጩኸት ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

የሰው ዋይታ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ሁሉ የክበብ ትምህርት ጠፍቶብኝ አማተብኩ።

ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ስዞር ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። መሃላቸው ድንጋይ ላይ የወጣት ልጅ ሹራብ ተዘርግቷል። ከሹራቡ አጠገብ ያሉት አዴ ብርቄ ናቸው።

ወዲያው ገባኝ። ቶላ አዲስ አበባ ሥራ አልያዘም። ተገድሏል። ያኔ የአብዮት ጠላት ተብሎ ለተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው፤ ከቤቱ ለቅሶ የተሰማበት ልጁን ተከትሎ ይታሰራል። ስለዚህ ፏፏቴው ድምፃቸውን እንዲሸፍንላቸው እዚህ ይወርዳሉ። ሰይጣኑንም ያወሩት እነሱው ናቸው፣ ሰው እንዳይመጣባቸው።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጥግ ላይ ቆመው ይጠብቁ የነበሩ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጥተው መመለሻዬን ዘጉት።

«ማን ላከህ?»

ማንም አልላከኝም፣ ልናፈስ ነው የወረድኩት አልኩ። ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ማነው ገደል ወርዶ የሚናፈስ? ሴቶቹ በኦሮምኛ ተንሾካሾኩ። ኦሮምኛዬ ገና ነው፤ «ካድሬ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። አስተማሪ የመንግሥት ሰው ነው፤ አፉን ከከፈተ ሁላቸውም አለቀላቸው። እኔም እዚያው ብቀር የት እንደገባሁ የሚያውቅ የለም። በጣም ፈራሁ። ሳያቸው ግን እነሱ ከእኔ ይበልጥ ፈርተዋል።

አዴ ብርቄ ብዙ ካዩኝ በኋላ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ይኼ ሐዘን እናንተ ቤትስ አልገባም ወይ?»

ልዋሽ ነበር። ጉደር ከመጣሁ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ ወንድም የለኝም እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ዕለት አፌ እምቢ አለኝ።

«ገብቷል» አልኳቸው። «ታናሽ ወንድሜ ነው።»

«ስሙ ማነው?»

«ዳዊት።»

ወደ ሹራቡ ዞሩና «ያ ዳዊት ኮ...» ብለው ጀመሩ። ዳዊቴ ማለታቸው ነው። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። አይተውት የማያውቁትን ወንድሜን በስሙ እየጠሩ ደረታቸውን መቱለት። እኛ ቤት ከሞተ ጀምሮ ስሙ ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም፤ እናቴ ትራሷን ነክሳ ነው ያለቀሰችው። ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ሽማግሌው ዱላቸውን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

ለቅሶው ሲያበቃ ሴቶቹ ፊታቸውን በወንዙ ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አንድ በአንድ በየአቅጣጫው ወጡ። አመሻሹ ላይ ግቢ ስገባ አዴ ብርቄ ቶላ ሰላምታ እንደላከላቸው ለጎረቤት እየሳቁ ይነግራሉ። እኔንም እንደ ወትሮው እንዴት ዋልክ ብለው ገቡ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ትምህርት ሲዘጋ ደሴ ሄጄ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ስሙን ጠርተው አለቀሱለት አልኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«የሴትዮዋስ ልጅ ማን ይባላል?»

«ቶላ።»

ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ቶላዬ...» ብላ ስትጮኽ ሰፈሩ ግር ብሎ መጣ። ማነው ሲሏት የልጄ አከራይ ልጅ ነው፣ በሽታ ገደለው አለች። ደሴ ውስጥ ቶላን የሚያውቅ የለም፤ የሚከለክልም አልነበረም። ጎረቤቱ አብሯት አለቀሰ፣ ድንኳን ብቻ ነው የቀረው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማታለሁ... አልፎ አልፎ «ዳ...» ብላ ትጀምርና ትመልሰዋለች።

በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ መጣ። ዳዊትን ከቤት ሲያወጡት በራችን ላይ ቆሞ የነበረው ሰውዬ ነው። ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ፣ ሲነሣም «እግዜር ያጽናሽ» አላት። እናቴ አሜን ብላ ሸኘችው።

አንገቱን ደፍቶ የማንን ለቅሶ እንደደረሰ የሚያውቅ አይመስለኝም።