የተገዛውና የተጨሰው

በቀን ስንት ሲጋራ ያጨሳሉ?

ጋሽ እንዳሻው በስልሳ አንድ ዓመታቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ያሳጣኛል ብለው አስበው አያውቁም። ጠያቂው ተኽኣ ነው፤ ጀርመን አገር፣ ግሪስሃይም ባቡር ጣቢያው አጠገብ የስልክ ካርድና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚሸጥ፣ አማርኛው አስመራ አስመራ የሚል ጎልማሳ። ጋሽ እንዳሻው ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ በመጨረሻ አንድ ፓኮ፣ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ሁለት፣ ብለው መለሱ። የሚገዙት ያን ያህል ነበርና የዋሹ አልመሰላቸውም።

ወደዚያ ሱቅ የላከቻቸው አንዲት የዓመት ልጅ ናት። አንድያ ልጃቸው ሳሮን የወሊድ ዕረፍቷን ጨርሳ ሆኽስት ወዳለው ላቦራቶሪ ልትመለስ ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ ልጇን ሃይሚን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ጋሽ እንዳሻው ጡረታቸው ስለቀረበ ኦስትሃፈን ባለው መጋዘን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ መሥራት ጀምረዋል። ሁለቱን ቀን ለልጅቷ ለመስጠት የቸኮሉትን ያህል ለራሳቸው ሠርግ አልቸኮሉም። ሳሮን ግን አንዲት ታገስሙተር፣ በቤቷ የሰው ልጅ የምትይዝ ጀርመናዊት፣ አግኝታለች። ሴትዮዋ መልስ የምትጠብቀው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

በረንዳ ላይ ብቻ አጨሳለሁ ሲሏት ሳሮን ራሷን ነቀነቀች።

«አባዬ፣ በረንዳውን ተወው። ልጅቷ የምትጠባው ጣትህን ነው።»

ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ትራሙ ውስጥ ሰው እንዳያያቸው ተጠንቅቀው ጣታቸውን አሸተቱ።

ተኽኣ ሦስት ዓይነት ዕቃ ደረደረላቸው። አንዱ ቀጭን ነው፤ ቁርጥ ሲጋራ፣ ሲስቡት ጫፉ ላይ የምትበራ መብራት ሁሉ አለችው። ዓይናቸው እሱ ላይ ቀረ። ተኽኣ ግን ለዓይን ነው እንጂ ባትሪው እስከ ምሳ አያደርስዎትም አላቸው። ሌላው ጡብ የሚያህል፣ ሥራ የፈታ ሰው ሽቦ ሲጠመጥምበት የሚውል ነው። ለጀማሪ የሚሆነው መካከለኛው፣ ወፍራም እስክሪብቶ የሚመስለው ነበር፤ ከታች ባትሪ፣ ከላይ ፈሳሽ መያዣ፣ ጎኑ ላይ አንድ ቁልፍ። ቁልፉን ተጭኖ ቀስ ብሎ መሳብ፣ አንዱ ባትሪ ሲሞላ በሌላው መሥራት፣ በቃ። የፈሳሹ የኒኮቲን መጠን ግን በሲጋራው ቁጥር ይወሰናል። ለአንድ ፓኮ፣ ለሁለት ፓኮ ሰው፣ ተኽኣ ከሁሉ የጠነከረውን፣ ጠርሙሱ ላይ ሃያ ሚሊግራም የሚለውን ሰጣቸው።

ሦስት ቀን እንደ ታመመ ሰው ዋሉ። መጋዘኑ በር ላይ ራሳቸውን አዞራቸው፤ ስቅታ ይዟቸው አለቅ አለ፤ ልባቸው ደረታቸውን ይደልቃል። ሌሊቱን ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ይህ ዕቃ ለእኔ አልተሠራም ብለው ቆረጡ።

በአራተኛው ቀን የሥራ ባልደረባቸው ጆሲ ከኪሱ ፓኮ አወጣ። ጆሲ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው እየተቀበለ ሲያጨስ ሲጋራ ገዝቶ አያውቅም።

«በእርስዎ ምክንያት ሱቅ ገባሁ፣ ጋሽ እንዳሻው» አለና ዘረጋላቸው።

አንዱን አወጡ። በጣታቸው አገላበጡት። ጣታቸውን ሲያዩ ትንሿ አፍ ትዝ አለቻቸውና ሲጋራውን ወደ ፓኮው መለሱት። ከሥራ ሲወጡ ዕቃውን ለመመለስ በቀጥታ ተኽኣ ዘንድ ሄዱ።

ተኽኣ ስቅታውንም፣ ማዞሩንም፣ እንቅልፍ ማጣቱንም አንድ በአንድ ሰማ። የሐበሻ ልጅ ነውና ገባው። ከማቆማቸው በፊት የነበረውን አንድ ቀን ከጠዋት ጀምረው እንዲነግሩት ለመናቸው። ጠዋት ትራም ፌርማታ ላይ አንድ፣ ብቻቸውን። መጋዘኑ በር ላይ አንድ፤ እሷን ከመለኮሳቸው በፊት ግን ለጆሲ አንድ፣ ለፖላንዳዊው ሾፌር አንድ፣ ለዘበኛው አንድ። ሰው ፊት ቆሞ ሳይጋብዝ የሚለኩስ እንዴት ያለ ሰው ነው? በምሳ ሰዓትም እንዲሁ። ማታ ከአገር ልጆች ጋር ሲቀመጡ ፓኮው ተከፍቶ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የማንም አይደለም።

«ስንት ገዙ አላልኩም፣ ጋሼ» አለ ተኽኣ። «ስንቱን አጨሱ?»

ሰባት ሆነ። ቢበዛ ስምንት።

ጋሽ እንዳሻው ደስ ሊላቸው ሲገባ ትንሽ ቅር አላቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ራሳቸውን የለየለት አጫሽ አድርገው ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ነፍሷን ይማርና ባለቤታቸው ሸዋረጋም የተጣላቻቸው ለሰባት ሲጋራ አልነበረም።

«ያጨሱት እርስዎ አይደሉማ» አለ ተኽኣ እየሳቀ። «ኦስትሃፈን ነው።»

እሳቸውም ሳቁ። ተኽኣ የበዛባቸውን ጠንካራ ፈሳሽ ደፍቶ ስድስት የሚለውን ሞላላቸው። ሊወጡ ሲሉ ከመደርደሪያው ላይ ዕቃው ጫፍ ላይ የሚገጠም አንድ ትርፍ የአፍ መሳቢያ አንስተው ጨመሩ። መለዋወጫ ነው አሉ። በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ ሊስቡ ሲሉ እጃቸው ቆመባቸው፤ መሳቢያውን ቀየሩና ዕቃውን መጀመሪያ ለጆሲ ዘረጉለት። ጆሲ ስቦ ሳለና ውስኪ የሌለበት የውስኪ ጠርሙስ ነው ሲል ፈረደ። ይሁን እንጂ ማታ ላይ እንደገና ልሳብ ብሎ ጠየቃቸው።

የወሩ የመጨረሻ እሑድ ሳሮን መጣች። ስለ ሲጋራ ምንም አልጠየቀችም። የአባቷን ቀኝ እጅ አንስታ ጣት ጣታቸውን አሸተተች፤ ለትንሽ ጊዜ እጃቸውን ሳትለቅ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለታገስሙተሯ በጀርመንኛ ይቅርታ ጠይቃ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሁን አለቻት።

ሰኞ ጠዋት ሃይሚ ከነቦርሳዋ መጣች። ዕቃውና ፈሳሹ በረንዳ ላይ፣ ቁልፍ ባለው የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ገንፎዋን በላች፣ የጋሽ እንዳሻውን መነጽር ወረወረች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አልጋዋ ውስጥ ሆና የአያቷን ሌባ ጣት እየጠባች አንቀላፋች። እሳቸው አጠገቧ ያለው ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ጣታቸውን በአልጋው ርብራብ መሃል እንደዘረጉ፣ ባወጣው ትነቃለች ብለው ጠበቁ። ከዚያ የትራሙ ድምፅ ራቀ፣ እጃቸው ከበደ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ እሳቸውንም እንቅልፍ ወሰዳቸው።