ሦስተኛው ባትሪ

ጅጅጋ ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለአንዲት ያገለገለች ቪትዝ በቃ። ሻጩን የማውቀው በስልክ ብቻ ነው፤ መኪናዋን ከሰዓት ሊያሳየኝ ተቀጣጥረናል። የተጫረና እንደገና የተቀባ ቦታ እንዳያመልጠኝ ጠዋት የእጅ ባትሪ ልገዛ ወጣሁ።

ባለሱቋ ፋዱማ ሦስት ባትሪ አቀረበችልኝ። "ደጅ ያለችው መኪና ላይ ሞክራቸው" አለችኝ። ከሸራው ጥላ ሥር ነጭ ቪትዝ ቆማለች። እዚህ ከተማ ነጭ ቪትዝ የማይቆምበት ደጅ የለም። የመጀመሪያው ባትሪ ዓይን ከማጥበርበር በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። የሁለተኛው ቢጫ ብርሃን ጭረቱን ሁሉ ይደብቃል። ሦስተኛውን ገደድ አድርጌ ስይዘው ግን የመኪናዋ ገመና ተገለጠ።

ሽርጥ የለበሱ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ጎንበስ አሉ።

"እዚህ ምን ይታይሃል ልጄ?"

"ይሄ በር እንደገና ተቀብቷል አባባ።"

"እዚህስ?"

"ይሄም ተጠግኗል።"

አዋቂ መምሰሌ ደስ ብሎኝ እስከ ጣሪያው ድረስ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ማዶ ወደተቀመጠ ጎልማሳ ሄዱ። ሁለቱ እጃቸውን ፎጣ ሥር ከተው ጣት ለጣት ሲነካኩ ቆዩ። በጣት ዋጋ እየተደራደሩ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ። ጎልማሳው ፊቱን አጨፍግጎ ቁልፍ ሰጣቸው። ሽማግሌው እኔን መርቀው መኪናዋን ነድተው ሄዱ።

ያኔ ስልኬ ጠራ። ሻጬ ነው።

"ወንድሜ፣ አትምጣ። መኪናዋን አሁን በርካሽ ሸጥኳት። አንድ ባትሪ የያዘ ሰው ጉድ ሠራኝ።"

ድምፁ ከስልኬም፣ ከማዶም መጣ። ባትሪውን ቶሎ አጠፋሁት።