ውጤቱን ለኖቢላ ማን ይንገረው?

ኖቢላ ሲምፖሬ ለማንኛውም ችግር አንድ መልስ ነበረው፤ «ካንዴላው ነው»። ሞተርህ አልነሣ ብሎህ እየገፋህ መጣህ? ካንዴላው ነው። ፍሬን እምቢ አለህ? እሱም ካንዴላው ነው። ይህን የሚለው ገና ሳያየው ነው። ከዚያ እያነከሰ ቀርቦ በዘይት የጠቆረ ቱታውን ሰብሰብ አድርጎ ቁጢጥ ይልና ጆሮውን ሞተሩ ላይ ይደቅናል። ከተማችን ኩዱጉ ውስጥ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ቁጢጥ ብሎ ኖረ። መቀለዱን ይቀልዳል እንጂ ጆሮው ግን ጉድ ነበር፤ የከተማውን ሞተር ሁሉ በድምፅ ይለየዋል። ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄ የአባ ነው፣ ካቴናው ላልቷል። ይቺ የአዋላጇ ናት» ይላል። ስንቴ ልፈትነው ብዬ አፍሬያለሁ።

እኔ ኦዴት እባላለሁ። ከዛፉ ማዶ መንገዱን ተሻግሮ የማሽላ ዶሎ እየጠመቅኩ እሸጣለሁ። ዶሎዋ ቀጥኗል የሚል ካለ ቅሉን አስቀምጦ ይሂድልኝ፤ ለምኜ ያስገባሁት ሰው የለም። የኖቢላ ቤት ከግቢዬ ጀርባ ስለሆነ እዚያ ሲያስሉ እዚህ ይሰማል፣ እዚህ ሲስቁ እዚያ ይሰማል። ስለዚህ የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም። ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ኖቢላን ያለ ባዚል ቶኤ ማውራት አይቻልም። ባዚል ጣቢያው ላይ ባንዲራ እያውለበለበ ባቡር ሲያሳልፍ ኖሮ ጡረታ የወጣ ረጅም ሰውዬ ነው። እሱ በጎሳው ሳሞ ነው፣ ኖቢላ ሞሲ። ሞሲና ሳሞ ደግሞ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቢሰዳደቡ አይቀያየሙም፤ እንዲያውም ሳይሰዳደቡ የዋሉ ለታ ነው ሰው «ምን ሆነው ነው?» የሚለው። እኔ ጉሩንሲ ስለሆንኩ ዳር ቆሜ እስቃለሁ።

«አንተ ውሻ በሊታ!» ይለዋል ኖቢላ ገና ከሩቅ ሲያየው። «የጎረቤቴ ቡችላ ከትናንት ጀምሮ የለም። እስቲ አፍህን ክፈት!»

«ዝም በል፣ አህያ በሊታ! ብሔራዊ ቡድናችንን ድንጉላዎቹ ብለው የሰየሙት አንተን ፈርተው ነው። አህያዎቹ ቢሏቸው ኖሮ አሥራ አንዱንም ጠብሰህ ትጨርሳቸው ነበር!»

ጠዋት ማታ ይሄው ነው። አንዱ ቀድሞ ከሞተ ደግሞ ሌላው የሟቹን ልብስ ለብሶ ቀብሩ ላይ መቀለድ አለበት። ይህ ግዴታ ነው። በቀብሩ ቀን ቀላጁ ያዘዘውን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እሱ ካልመጣ ደግሞ ለቀስተኛው ሬሳውን ለማንሣት እጁ አይታዘዝለትም። ሁለቱም «እኔ ነኝ አንተ ላይ የምስቀው» እየተባባሉ ይፎክሩ ነበር።

ሞት ይርሳኝ፣ የዶሮውን ነገር ሳልነግራችሁ! የአፍሪካ ዋንጫ እኛ አገር በተዘጋጀ ጊዜ ድንጉላዎቹ ግማሽ ፍጻሜ ላይ በግብፅ ተሸነፉና ለሦስተኛ ደረጃ ከኮንጎ ጋር ተገናኙ። ያን ቀን ሁላችንም እኔ ግቢ ሬዲዮ ከበን ተቀምጠናል። አራት ለአንድ መራን! አራት ለአንድ! ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኖቢላ ዘሎ ተነሣና «አበቃ! ቀዩን አውራ ዶሮዬን አርጄ መጣሁ!» ብሎ ወደ ቤቱ በረረ። ያ ዶሮ የሚሳሳለት ነበር፤ ሚስቱ ላሌ ለገና ይታረድ ብትል እንኳ አኩርፏት ነበር።

እሱ ዶሮውን እስኪያርድ ኮንጎዎች ሦስት አከታትለው አገቡ። አራት ለአራት። ቀጥሎ ሪጎሬ፣ ቀጥሎ ሽንፈት። ኖቢላ ጭንቅላት የሌለው ዶሮ አንጠልጥሎ እየጨፈረ ሲመለስ ባዚል ወገቡን ይዞ በሩ ላይ ጠበቀው።

«አንተ አህያ በሊታ፣ አራት ለአራት ወጥተን በሪጎሬ ተሸነፍን።»

ኖቢላ ሳቁ ሲገነፍል ይታየኛል። «ውሻ በሊታ! ውሸት እንኳ አትችልበትም! በዚች ደቂቃ ሦስት ጎል?»

«እውነቴን ነው።»

«እውነት? ከሳሞ አፍ?»

እኛም ነገርነው፤ ማን ይመነን? ባዚል አስጠንቶን መስሎታል። ዶሮውን እያወዛወዘ ዘፍኖ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ከሬዲዮ ሰማና የዶሮውን ወጥ በድስቱ ይዞ መጥቶ ባዚል ፊት ዘጭ አደረገው። «ብላ! የገደልከው አንተ ነህ። ሠላሳ ጊዜ ስትዋሸኝ ኖረህ ዶሮዬን በእውነት አስጨረስከኝ!» እየተሳደቡ አብረው በሉት። ለእኔም አንድ ክንፍ ደርሶኛል።

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ድንጉላዎቹ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ማንም ሳይጠብቃቸው ወደ ዋንጫው ሲጠጉ፣ ኖቢላ አልጋ ላይ ነበር። ልቡ ነው። ነርሷ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ከለከለችው፤ «እሱን ለመግደል አንድ ሪጎሬ ይበቃል» አለች። እሱ ግን «ልቤ ደህና ናት፣ ካንዴላው ነው» ይላል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ጋናን በሪጎሬ ጥለን ፍጻሜ ስንገባ ማንም ሄዶ አልነገረውም፤ ከተማው ራሱ ነገረው። ክላክስ፣ ፉጨት፣ የድስት ክዳን፣ በየመንገዱ ሞተር በሞተር! ላሌ እንዳጫወተችኝ ኖቢላ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥር ነበር። «የአዋላጇ አለፈች። ይሄ የሥጋ ሻጩ ነው። ኧረ አባም ወጥተዋል!» ያን ያህል ደስ ብሎት አላየሁትም ብላኛለች።

የፍጻሜው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አጥሚት ይዤ ልጠይቀው ገባሁ። ባዚል አጠገቡ ተቀምጦ አህያ ሲጮህ እያስመሰለ ነበር።

«ባዚል» አለ ኖቢላ።

ስሙን ጠርቶት አያውቅም ነበርና ሁላችንም ደነገጥን።

«ነገ መጥተህ ውጤቱን ንገረኝ። እውነቱን። አንዴ እንኳ ሳትቀልድ።»

«የአህያ በሊታ ሆድ እውነት አይፈጭም።»

«በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ።»

ባዚል ቆቡን አወለቀና «እሺ» አለ።

ስንወጣ ላሌ በሩ ላይ ክንዱን ያዘችው። «ባዚል፣ አፈር ስሆን፣ ብንሸነፍም አሸነፍን በለው። ደስ ብሎት ይሂድ።»

«ቃል ገባሁለት እኮ፣ ላሌ።»

«የቀልድ ዘመዱ አይደለህም እንዴ? ዋሸው!» አለችና ፊቷን አዙራ ገባች። እኔም በልቤ ዋሸው አልኩ። ምናለበት?

እሁድ ግቢዬ መቆሚያ አልነበረውም። ናይጄሪያ ገና ከእረፍት በፊት አንድ አገባችብን፤ ያችው አንዷ ቀረች። ዳኛው ሲያፏጭ የተናገረ ሰው የለም። ሰው አንድ በአንድ ተነሥቶ ሞተሩን ሳያስነሣ እየገፋ ሄደ። እኔ ወንበር መደራረብ ጀመርኩ። ባዚል ብቻ የሞላ ቅሉን አቅፎ ቀረ።

«ተነሥ እንጂ! ሰውዬው እየጠበቀህ ነው።»

«ምን ልበለው፣ ኦዴት? እውነቱን ብነግረው እገድለዋለሁ። ብዋሸው የአባቴ አጥንት ይፋረደኛል።»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? የገባኸው ቃል የኔ አይደለም» አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ በናይጄሪያም፣ በእሱም፣ በነርሷም። ዶሎውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ቆቡን አድርጎ ተነሣ። ልቤ ስላላስቻለኝ ተከተልኩት።

ባዚል ወደ ክፍሉ ሲገባ ሌላ ሰው ሆነ። ልክ እንደ ዶሮው ቀን ወገቡን ይዞ፣ ጥርሱን ሁሉ አግጥጦ በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ አህያ በሊታ! አንድ ለዜሮ ተሸነፍን!»

ቃሉን ጠብቋል፤ እውነቱን ነግሮታል። ግን ውሸት በሚያወራበት ፊቱ ነው የነገረው።

ኖቢላ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ውሻ በሊታ! ውሸት እንኳ አትችልበትም! አሸነፍን በለኛ!» ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ሳሉ ወደ ሳቅ። ላሌ ትራሱን ደገፈችለት። ባዚልም አብሮ ሲስቅ ቆይቶ «ደህና እደር፣ አህያ» ብሎ ወጣ።

ደጃፌ ላይ ሲደርስ ግን ዘፍ አለ። «አታለልኩት፣ ኦዴት። በሕይወቱ አንድ ነገር ለመነኝ፤ እሷኑ እንዳያምነኝ አድርጌ ነገርኩት።» እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ኖቢላ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሞተ።

ረቡዕ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል። ሳጥኑ ወጥቷል፣ አባም ሞተራቸውን አጥር ሥር አቁመው መጽሐፋቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ባዚል ግን የለም። ሽማግሌዎቹ ሌላ ሳሞ እንጥራ አሉ። ጣቢያው ላይ የሚሠራ አንድ ሳሞ ነበር፤ እሱ ግን «የባዚልን ቦታ? እኔን አያርገኝ!» ብሎ ከሰው ኋላ ተደበቀ። ፀሐዩ ከረረ። በመጨረሻ ላሌ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ተነሣች። ባል የሞተባት ሴት ከግቢ አትወጣም ቢሏት ማንን ሰምታ! እኔም ከኋላዋ ሮጥኩ።

ባዚል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

«ቅጪኝ እንጂ አልሄድም» አላት። «እሱ ላይ የምስቅበት አፍ የለኝም። አጭበርብሬው ነው የሞተው።»

«አንተ የማትረባ!» ጮኸችበት። «ያን ማታ ስትወጣ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ላሌ፣ ተሸንፈናል› ነው ያለኝ።»

ባዚል ቀና አለ።

«ገና ሳትመጣ ያውቅ ነበር! በበራችን አንድ ሞተር አላለፈም፣ ባዚል። አንድ! ከጋና ጋር ስንጫወት ሲቆጥር ያመሸ ሰውዬ፣ እሁድ ጆሮውን አቁሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ፣ ኦዴት ወንበር ስትደራርብ ብቻ ነው የሰማው። ‹ያ ውሻ በሊታ ቃሉን ጠበቀልኝ› አለኝ። ‹ፊቱ አሳዘነኝና ሳቅኩለት› አለኝ።»

ከወንበሮቼ ጋር መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ባዚል ከአልጋው ተነሣ።

«አህያ በሊታ» አለ። «ቱታውን ስጪኝ።»

ለቀስተኛው ያንን ቱታ ሲያይ እዬዬው በአንዴ ቆመ። ባዚል በጣም ረጅም ስለሆነ የኖቢላ ሱሪ ጉልበቱ ሥር ቀርቶበታል። እንደ ኖቢላ እያነከሰ መጣና ሳጥኑ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ አይቀበርም! አታሎኛል! ሞሲ ሳሞን አታለለ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አውጡትና ልሰድበው!»

ሰው በእንባው ላይ ሳቀ። ባዚል ግን ፊቱን ወደ አጥሩ፣ ሞተሮቹ ወደቆሙበት መለሰ።

«እሁድ ዝም ብላችሁ አጋልጣችሁኛል። አሁን ኖቢላ የጠገነለት ሁሉ ሞተሩን ያስነሣ! ክላክስ ያለው ክላክሱን! ዛሬ እምቢ የሚለኝን እስቲ ልየው!»

እምቢ ያለ የለም። አንዱ አስነሣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ አዋላጇ፣ ሥጋ ሻጩ፣ ከዚያ ሁሉም። ክላክሱና ጭሱ ሰፈሩን አናወጠው፤ እኔም ቅል በቅል እደበድባለሁ። ባዚል በዚያች አጭር ቱታ ቁጢጥ አለ። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ደቀነ፣ ልክ እንደ ኖቢላ። ከዚያ አፉን ወደ ሳንቃው አስጠግቶ፣

«ሰማህ? አሸንፈናል! ሁለት ለአንድ!» ብሎ ጮኸ።

ጫጫታው ቀስ በቀስ ሲበርድ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። አባ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ሞተራቸውን ይረግጣሉ፤ አልነሣም። ደግመው ረገጡ፤ አልነሣም። ላብ በላብ ሆኑ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያያቸዋል፤ ማንም ሊለው አልደፈረም።

ላሌ ከሳጥኑ አጠገብ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ካንዴላው ነው፣ አባ» አለች።