በጎላፒ አፍ ያልተጠራ ስም

ጎላፒ የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም። ይህ ብቻውን አያስደንቅም። በጃሙና ወንዝ ዳር ባለው በዚያ መንደር የትኛዋም ባለትዳር የባሏን ስም አትጠራም፤ ሚስት በጠራችው ቁጥር ከዕድሜው ይቀነሳል ይባላል። ሌሎቹ ሴቶች ግን መላ አላቸው፤ «የኮሞል አባት»፣ «የሩፓሊ አባት» እያሉ ይገላገላሉ። ጎላፒ ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ ባሏን ስትፈልገው «ሰማህ ወይ?» ብላ ትጣራለች። የሰፈሩ ወንድ ግማሹ ዞር ይላል፤ እሱ ግን ድምጿን ስለሚያውቅ «ሰማሁ!» ይላል።

ነገሩን ያከበደው የሰውየው ስም ነው። ሹሩጅ አሊ ይባላል፤ ሹሩጅ በአገሩ ቋንቋ ፀሐይ ማለት ነው። ጎላፒ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘች እስከ ጥጉ ነውና ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ የሰማይዋን ፀሐይም መጥራት ተወች። ሥራዋ ሌላ ቢሆን ማንም ልብ ባላለው። እሷ ግን የሩዝ ፈንዲሻ ሠርታ ነው የምትሸጠው። ሩዙ ከነገለባው ይቀቀላል፣ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይፈተጋል፣ በጨው ውኃ ታሽቶ ይታመሳል፤ በመጨረሻ በጋለ አሸዋ ውስጥ ሲጨመር ነጭ ሆኖ ይፈነዳል። ሥራው የሚጀምረው ሰማይ በማየት ነው። ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምትፈልገውን ነገር ስሙን መጥራት የማትችል ነጋዴ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ጎረቤቷ አምቢያ ይህን መዝናኛዋ አድርጋው ነበር። በሁለቱ ደጃፍ መካከል አጥር የለም፤ የአምቢያ ላምና የጎላፒ ምድጃ ትይዩ ናቸው። አምቢያ ላሟን እያለበች በየጠዋቱ ትጀምራታለች።

«ጎላፒ፣ ዛሬ ሩዝ ይሰጣል?»

«ይሰጣል። ሙቀቱ ወጥቷል።»

«ማነው የወጣው?»

«ያ የላዩ ነዋ።»

«ጣራሽ ላይ ሰው ወጣ? ኧረ ሌባ! ኧረ ጎረቤት!»

«ምላስሽ ይቆረጥ፣ አንቺ!»

«ግድ የለም። አንድ ቀን ካላስጠራሁሽ እኔ አምቢያ አይደለሁም።»

ሹሩጅም ቢሆን ከአምቢያ አይሻልም ነበር። ምሳውን ሲጨርስ እጁን እየታጠበ፣ «አንዴ ብቻ በጆሮዬ በይው። ከዕድሜዬ አንድ ቀን ቢቀነስ ምን እሆናለሁ?» ይላታል። በእርጥብ መዳፏ አፉን ትከድነዋለች። ልጅ ስላልወለደች ሌላ ሚስት እንዲያገባ ዘመዶቹ ስንት ጊዜ ወትውተውታል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከእሷ ጋር ፈንዲሻውን እየቆረጠመ ኖረ። የእንዲህ ያለ ባሏን ስም ለመጥራት ብትሰስት ማን ይፈርድባታል?

ከዚያ አበዳሪ ድርጅቱ ወደ መንደሩ መጣ። ለሴቶች ብቻ ነበር የሚያበድረው። መያዣ አይጠይቅም፤ አምስት ሴቶች በቡድን ይሆናሉ፣ በየሳምንቱ ይከፍላሉ፣ አንዷን ሲያቅታት አራቱ ይሸፍናሉ፣ ካልሸፈኑ ማንኛቸውም ዳግመኛ አይበደሩም። የቡድኑ መሪ አምቢያ ሆነች። ክፍያ የሚሰበስበው ወጣት ከከተማ የመጣ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ የሚጨነቅ ልጅ ነው። ሴቶቹ በአምቢያ ግቢ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ ተራ በተራ ይጠይቃቸዋል።

«የባል ስም?» አላት ጎላፒን።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አምቢያ ትመልስላት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሆን ብላ ዝም አለች። ጎላፒ ግራ ገባት። ተቁለጨለጨች፣ ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ፣ ወደዚያች አናት የምትበሳ ፀሐይ ቀሰረች።

ልጁ ወደ ሰማይ አንጋጦ አየና ፊቱ ቅዝዝ አለ። «አላህ ነፍሱን ይማር» ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ «ሟች» ሲል ጻፈ።

አምቢያ በሳቅ ከምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። ሴቶቹ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወሸቁ። ይሄኔ ከቀርከሃው ግድግዳ ኋላ ተደብቆ ሲሰማ የነበረው ሹሩጅ ፈንዲሻ እያላመጠ ብቅ አለ።

«ጌታው፣ ሟቹ እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ «ሟቹ» እያለ ይጠራው ጀመር። «ሟቹ፣ ሻይ ትጠጣለህ?» «ሟቹ፣ ቅርጫትህ መንገድ ዘጋብን!» ጎላፒ ስትሰማ ትቆጣለች፤ እሱ ግን ደስ ይለው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያ የመጀመሪያ ብድር ለጎላፒ በጅቷታል። ሩዝ በመኸር ጊዜ በርካሽ ገዝታ አከማቸች፣ ፈንዲሻዋን እስከ ጀልባ መሻገሪያው ወስዳ ሸጠች፣ የሣር ጣራዋን ቆርቆሮ አለበሰች። የአፍንጫዋን የመስታወት ፈርጥ አውልቃ ትንሽ የወርቅ ፈርጥ አደረገች። የአፍንጫ ፈርጥ እዚያ አገር የባለትዳር ምልክት ነው፤ ሴት የምታወልቀው ባሏ ሲሞት ነው።

ሁለተኛው ብድር ከፍ ያለ ነበር፤ በጎላፒ ስም ወጣ፣ ሹሩጅም ሞተር ያለው ጀልባ ገዛበት። ሁለቱም መክረውበታል፣ እሷም ወዳ ነው፤ ሰውየውን በኋላ ሊያሙት የሞከሩ አሉ፣ ዋሽተዋል። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ናደው፤ የታሰረው ጀልባ ከነሞተሩ አፈሩ ሥር ቀረ። የሳምንቱ ክፍያ ግን እንደ ወትሮው በሳምንቱ መጣ።

ሹሩጅ ቺታጎንግ ወደብ ወርዶ አሮጌ መርከብ በእሳት እየቆረጡ ከሚፈታቱት ጋር ለመሥራት ወሰነ። ጎላፒ እስከ መሻገሪያው ሸኘችው። ጀልባው ላይ እግሩን ካሳረፈ በኋላ ዞረና «በይ እንግዲህ፣ ዛሬ እንኳ ስሜን ጥሪኝና ልሂድ» አላት። እንባዋን ውጣ ራሷን ነቀነቀች። ጀልባው ሲርቅ ግን አላስቻላትም።

«ሰማህ ወይ?» ብላ ጮኸች።

«ሰማሁ!» አላት ከውኃው ላይ።

መጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ ላከ። ከዚያ ያነሰ ላከ። ከዚያ ጠፋ። ከመንደሩ ወደዚያ የሄደ ሁሉ ተጠየቀ፣ ያየው የለም። ጎላፒ ቆርቆሮውን ሸጣ ከፈለች፣ የወርቅ ፈርጧን ሸጣ የድሮውን የመስታወት ፈርጥ መልሳ ሰካች፣ የሚሰጣ ሩዝ እስክታጣ ከፈለች። የቀረውን አራቱ ሴቶች ይሸፍኑላት ጀመር። መጀመሪያ እያዘኑ፣ በኋላ እያጉረመረሙ። አምቢያ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም። ጠዋት ማሾፏን ብቻ ተወች።

አንድ ጠዋት ጎላፒ ስትነሳ የሆነ ነገር ጎደለባት። ቆይቶ ነው የገባት፤ ወተት በቅል ውስጥ ሲንቆረቆር አይሰማም። ወጥታ አየች። የአምቢያ ላም ከታሰረችበት የለችም፤ ገመዱ ብቻ ካስማው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ላሟስ?»

«ሸጥኳት። አርጅታ ነበር።»

«አምቢያ፣ ያቺ ላም ባለፈው ዓመት አይደል የወለደችው?»

«አርጅታ ነበር ብዬሻለሁ» አለች አምቢያና ጀርባዋን ሰጠቻት።

ጎላፒ ከዚያ ወዲህ በአምቢያ ደጃፍ ማለፍ አቃታት፤ ውኃ ለመቅዳት እንኳ በጓሮ ዞራ ትሄዳለች።

ደንቡን ያነሳው ክፍያ ሰብሳቢው ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሴቶቹ ያልከፈሉት ከእሱ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር። «የተበዳሪዋ ባል ከሞተ ዕዳው ይሰረዛል» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ሚስትየዋ በስብሰባ ፊት በራሷ አንደበት ትናገራለች፣ ሁለት ሰው ይመሰክራል። ይኸው ነው።» ሴቶቹ ተያዩ። ከመካከላቸው ሻሂዳ የምትባለው፣ አፏ የማያርፈው፣ ጎላፒን የውኃ ጉድጓዱ ጋ ጠብቃ ያዘቻት።

«በሕይወት ቢኖር ይልክ አልነበር?»

«አለ። ይመጣል።»

«አለ ካልሽ ይምጣና ይክፈል። እኛ ምን በወጣን? የአምቢያን ላም አይተሻል አይደል? ቀጥሎ ጣራዋን ልታስሸጫት ነው?»

ጎላፒ ባሏ አለመሞቱን ታውቃለች፤ እንዴት እንደምታውቅ ቢጠይቋት የምትለው የላትም፣ ግን ታውቃለች። ስሙን አንድ ጊዜ መጥራት ዕድሜ ከቀነሰ፣ ስሙን ጠርቶ ሞቷል ማለት ምን ያደርገዋል? ይህን ለማንም አልተናገረችም። ይስቁባት ነበር።

የስብሰባው ቀን ከሁሉም ኋላ መጥታ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተራዋ ሲደርስ ልጁ እንደዚያን ጊዜው «የባል ስም?» አላት።

ጎላፒ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

ማንም አልሳቀም። ልጁ ብዕሩን እያሻሸ፣ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በአፍሽ መናገር አለብሽ» አላት።

«ተዪው!» አለች አምቢያ በድንገት። «ጎላፒ ተዪው፣ እኔ እከፍላለሁ!»

ጎላፒ አምቢያን አየቻት። ከጆሮዋ ጉትቻ የለም፣ ከእጇ አምባር የለም። የምትከፍለው አልነበራትም።

«ሹሩጅ አሊ» አለች ጎላፒ። ድምጿ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «ሹሩጅ አሊ ሞቷል።»

ከዚያ የሚደረገው የታወቀ ነው። አምቢያ የአፍንጫዋን ፈርጥ አወለቀችላት፣ የመበለት ነጭ ልብስ አመጡላት። ሁለት ሴቶች መሰከሩ፣ ዕዳው ተሰረዘ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ለቅሶው ግማሹ እውነት ነበር። ጎላፒ አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና የምትሰማው እንዳለ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ጆሮዋን ከፍታ ቁጭ አለች።

ከብዙ ወራት በኋላ፣ ሩዝ ከገበሬ በዱቤ እየወሰደች እንደገና ፈንዲሻ መሸጥ ጀምራ ነበር። መሻገሪያው ላይ ጆይናል የሚባል አዲስ ጀልበኛ ተቀጥሯል። ፈንዲሻውን በሰናፍጭ ዘይትና በቃሪያ አሽታ ስትሰጠው፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነውና ጀመራት።

«ባለፈው ሳምንት የገጠመኝን እብድ ልንገርሽ። አንድ ከሲታ ሰውዬ ከማዶ ጫንኩ። እጁ እስከ ክንዱ ድረስ በእሳት የተለበለበ ነው። ስለዚህ መንደር ሲጠይቀኝ፣ የምሰማውን አወራሁት። አንዷ ባሏ ሞቶ ዕዳዋ ተሰረዘላት አሉ፣ ሹሩጅ አሊ የሚሉት፣ አልኩት። ‹ሞቷል ያለው ማነው?› አለኝ። ሚስቱ ናት፣ በሰው ፊት፣ አልኩት። ‹ስሙን ጠርታ?› ይለኛል! ጠርታ፣ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ።»

ጎላፒ የፈንዲሻ መስፈሪያውን ቆርቆሮ እንደያዘች ቀረች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹እንግዲያ ሟቹ እኔ ነኝ› አለ። እብድ ነው አላልኩሽም? እዚህ ስንደርስ አልወርድም ብሎ የመመለሻውን ከፍሎ ቁጭ አለ። ወደ መንደሩ ፊቱን አዙሮ ዝም ብሎ እያየ ተመለሰ።»

«ከስቶ ነበር አልከኝ?»

«በጣም እንጂ። ለምን፣ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አለች ጎላፒ።

ምን ትበል? ቢወርድ ዕዳው አብሮት ይወርዳል፤ እሷ ውሸታም፣ የመሰከሩት ሴቶች ውሸታም ይሆናሉ፣ የአምቢያ ላምም በከንቱ የተሸጠች ትሆናለች። ሹሩጅ ይህን ሁሉ እዚያው ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ገብቶታል። ሞኝ ሰው አልነበረም። ስሙን ጠርታ የማታውቀው ሚስቱ ጨንቋት ካልሆነ እንደማትጠራው ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ጎላፒ እርጥቡን ሩዝ በቅርጫት ተሸክማ ወጣች። አምቢያ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ድሮው አውርተው አያውቁም፤ ዛሬ ምን እንዳደፋፈራት እንጃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ጎላፒ፣ ዛሬ ሩዝ ይሰጣል?»

ጎላፒ ቅርጫቱን አወረደች። ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየች።

«ይሰጣል» አለች። «ሹሩጅ ወጥቷል።»

አንድ ቀን አስጠራታለሁ ብላ የማለችው አምቢያ፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጎላፒ ምንጣፉን ዘርግታ ሩዙን በመዳፏ እኩል እኩል ትበትነው ጀመር።