ወደ ጣሪያ የዞረ ስፖኪዮ

አጎቴ ቦንጋ ውስጥ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሾፌር ነበሩ። አለቃቸው ከሴት ጋር ከኋላ ሲቀመጡ፣ አጎቴ የውስጡን ስፖኪዮ ወደ ጣሪያው ያዞሩታል። ስለ ሰውየው ፍቅር ከተማው ሁሉ ያወራል፤ እሳቸውን ስንጠይቅ ግን ባለሥልጣኑ ከሞቱ በኋላ እንኳ መልሳቸው ያው ነበር፦ «እኔ የማየው መንገዱን ነው።» ያናድዱኝ ነበር።

አጎቴ ሞተው በለቅሷቸው ሦስተኛ ቀን፣ ማናችንም የማናውቃቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ደካ ከሚባል ቦታ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስለ እኔና ስለ አለቃቸው የነገሩህ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም፣ እትዬ። አንድም ቀን ተንፍሰው አያውቁም።»

የማጽናናቸው መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና አለቀሱ።

«እንግዲህ እንደተዋደድን የሚያውቅ ማን ቀረ?»