የምንጩ ዕጣና ሁለቱ ሳንቲሞች

በላብ የራሰች ሳንቲም በልጅ መዳፍ ውስጥ ተጨብጣ ስትቆይ የምታወጣው ሽታ አለ፤ ደም ደም ይላል፣ ዝገት ዝገት ይላል፣ እጅን በአመድ አሽተው ቢታጠቡትም ቶሎ አይለቅም። ባለፈው ሰሞን መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ። በአካባቢው ሳንቲም የያዘ ሰው አልነበረም፤ ሽታውን ያመጣው ወሬ ነው። አንድ ወጣት መምህርና አንድ የሚኒባስ ረዳት ትንሿን ሳንቲም መሥራት ይቅር ወይስ አይቅር እያሉ ይከራከሩ ነበር። መምህሩ ለብረቷ የሚወጣው ከራሷ ዋጋ ይበልጣል ይላል፣ ረዳቱ ደግሞ «ከተወለድኩ አይቻት የማላውቃትን ነገር ይቅር አይቅር ትለኛለህ?» እያለ ይስቅበታል። ኋላ ወደ እኔ ዞሩ። መዞራቸው አልገረመኝም፤ አንድ ቀን እንኳ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሳልቀመጥ አዋጅ አንብቤ ለባለ ዲግሪዎች ያስረዳሁ ሰው ነኝ፣ ይህንንም አገሩ ያውቀዋል።

«አባባ፣ አንቱ ምን ይላሉ?» አለ መምህሩ።

«መጀመሪያ ይቅር ያለው ማን እንደሆነ ንገረኝ፣ እኔ ደግሞ ምን እንደሚያገኝበት እነግርሃለሁ» አልኩት። «ትንሿ ስትጠፋ ዋጋ ሁሉ ይጠጋጋል። ወደ ታች የተጠጋጋ ዋጋ አይተህ ታውቃለህ?»

«አባባ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብም ማን አዘዘው ብለው ይጠይቃሉ!» አለ ረዳቱ፣ ሻይ ቤቱም ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ትንሽ ናት፣ ብትቀር ማንንም አትጎዳም የሚል ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አንዲት ሳንቲም የአንድ ቤተሰብን ውሃ ስትወስድ በዓይኔ አይቻለሁ። ማየት ብቻ ሳይሆን እጄም ነበረበት።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአያቴ ቤት ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ነበር። አባቴ ካሳው ማንንም የማያምን ሰው ነበር። በግ ሲሸጥ የተቀበለውን ብር ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ፊትና ጀርባውን ያየው ነበር፤ የተዋሰውን ማረሻ ሲመልስ ምስክር ይዞ ይሄድ ነበር፤ ሰማዩ ሲጠቁርም «ይህ ለእኛ የመጣ አይደለም፣ ወደ አቀስታ የሚያልፍ ነው» እያለ ከመደቡ አይነሳም ነበር። የበልግ ዝናብ ከቤት ሲዘጋን ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ አንዲት ቀይ የመዳብ ሳንቲም ያወጣና «እስቲ ይችን ያዝልኝ፣ እንዳትጥላት» ብሎ ይሰጠኝ ነበር፤ እኔም በሩ አጠገብ ብርሃን ካለበት ተቀምጬ፣ በአንድ በኩል ንጉሡን በሌላ በኩል አንበሳውን እያገላበጥሁ፣ በዙሪያዋ የተቀረጸውን ፊደልና ቁጥር እመረምር ነበር።

ፊደል ያስቆጠረኝ የለም። ቁጥሩን ግን የሰበካችን ቄስ በቀን አንድ አንድ ብለው ነገሩኝ፤ ለአንድ ቁጥር አንድ እቅፍ እንጨት ነበር ክፍያው። ሌላው ልጅ በጭቃ ሲላፋ እኔ እንጨት ተሸክሜ እየሄድሁ፣ ያገኘሁትን ቁጥር እንዳይጠፋብኝ እየደጋገምሁ እመለስ ነበር። በልጉ ሳያልቅ ሳንቲሟ ላይ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈውን ዓመት አንብቤ ስጨርስ እናቴ እልል አለች፤ አባቴ «ቄሱ ልክ መንገራቸውን በምን አወቅህ?» አለኝ። በዚያ ቀበሌ ከቄሱ ቀጥሎ ቁጥር የሚያነብ እኔ ብቻ ሆንኩ፣ ዕድሜዬም ገና አሥር አልሞላም። ዛሬ በዘጠኝ ዓመቱ ስልክ የሚነካካውን ሁሉ ሊቅ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ደግ ነው።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ አያቴ አረፉ። ለሁለት ወንድ ልጆቻቸው፣ ለአባቴና ለታናሽ ወንድሙ ለይመር፣ ሁለት ቁራሽ መሬት ተዉ፤ አንዱ ከላይ ድንጋያማው ነው፣ ሌላው ከታች፣ በበጋ እንኳ የማይነጥፍ ምንጭ ያለበት። ስፋታቸው እኩል ነበር። ነገር ግን ታችኛውን ያገኘ ዓመቱን ሙሉ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ያበቅላል፣ ላይኛውን ያገኘ ዝናብ ጠብቆ ገብስ ይዘራል፣ ውሃውንም ከወንድሙ ደጅ ይለምናል። አጎቴ ይመር ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ እኛን ልጆችን ትከሻው ላይ አውጥቶ የሚያዞር ሰው ነበር፤ ዳሩ ግን ከአባቴ ጋር የአንድ ማኅፀን ልጅ ነውና በዚያ ክረምት እሱም ዝም ማለት ጀመረ። አንዱ ወደ ምንጩ ሲወርድ ሌላው ምክንያት ፈልጎ ተከትሎት ይወርድ ነበር፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ከሽማግሌዎች ጋር ሲያወራ ሌላው ጆሮውን ይጥል ነበር።

በአገራችን ወንድማማች መሬት ሲካፈል ዕጣ ይጣል ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት፣ እንጨትም ይሁን ጠጠር ወይም የደረቀ የበግ በጠጥ፣ ለሽማግሌ ይሰጣል፤ ባለቤቶቹን የማያውቅ መንገደኛ ይጠራና ምልክቶቹን በየመሬቱ ላይ ይጥላል፤ የማን ምልክት የት ወደቀ ተብሎ በዚያው ያልቃል። ሰው ሁሉ የእግዜር ፍርድ ነው ብሎ ይቀበለው ነበር፣ ከአባቴ በቀር። «ጠጠር በብብት ይሞቃል፣ እንጨት በጥርስ ይነከሳል፣ እጅ ዳስሶ ያውቀዋል» ይል ነበር። ስለዚህ ሳንቲሟን መረጠ። ሳንቲም ከሳንቲም አይለይም፣ በእጅ ተሠርቶ አይጭበረበርም፣ ብትጠፋም ትንሽ ናትና አታንገበግብም። ይህን የነገረው ለእናቴ ብቻ ነው፤ እኔ ከማድጋው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ በበጋው ብርድ አንድ ጠዋት ሁላችንም ወደ መሬቱ ወረድን። ቄሱ የዚያን ዕለት ተዝካር ሊበሉ ሩቅ ሄደው ነበር። ዳኛው አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴና ይመር ምልክታቸውን ለእሳቸውም አናሳይም አሉ።

«ዓይን ካየ አፍ ያወራል» አለ አባቴ።

«በዚህስ ወንድሜ እውነቱን ነው» አለ ይመር።

«ሰማንያ ዓመት ያየሁበትን ዓይን ዛሬ አውጥቼ ልጣለው?» ብለው አያ ደምሴ ተቆጡ። ቢቆጡም አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ቅል መጣ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ተራ በተራ ጀርባቸውን ሰጥተው ምልክታቸውን ከተቱ። የሁለተኛው ሲገባ ከቅሉ ውስጥ ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬ ያኔም ዛሬም የሰላ ነው፤ ግን ጠጠር ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ጨው በአህያ ጭኖ ወደ ወግዲ የሚወርድ ሰይድ የሚባል ነጋዴ ከመንገድ ተጠራ። «ወላሂ እኔ ሁለታችሁንም አላውቃችሁም» አለ። «ለዚህ ነው የፈለግንህ» አሉት አያ ደምሴ። ሰውየው ቢስሚላህ ብሎ እጁን ወደ ቅሉ ሰደደ፣ የያዘውንም ሳያይ አንዱን ከምንጩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን ወደ ላይ ወጥቶ በድንበሩ ላይ አስቀመጠ። አባቴ ሮጦ ወደ ምንጩ ደረሰና «የኔ ናት!» አለ። ይመርም ከኋላው ደርሶ አየና «የኔ ናት!» አለ። ከላይ ያለችው ስትመጣ እሷም ቀይ ሳንቲም ሆነች።

አያ ደምሴ የምንጩን ሳንቲም በቀኝ፣ የላዩን በግራ እጃቸው ያዙ።

«አንተ ደግሞ ሳንቲም ከየት አመጣህ?» አለ አባቴ።

«አንተ ካመጣህበት! ምልክቴን ሰው ዳስሶ እንዳያውቅብኝ ብዬ ነዋ!»

ሰይድ ራሱን እየነቀነቀ «ወንድሞቼ፣ ሰው ሲጠራጠር አይቻለሁ፤ እንዲህ ተስማምቶ ሲጠራጠር ግን ወላሂ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለና አህያውን ነድቶ ሄደ። አያ ደምሴ ዕጣው እንደገና ይጣል አሉ። ሁለቱም እምቢ አሉ፤ እግዜር አንድ ጊዜ ተናግሯል፣ ድጋሚ መጠየቅ የሰጠኝን መንጠቅ ነው አሉ። ሁለቱም ምንጩ ለእኔ ወጥቷል ብለው ያምኑ ነበርና። ይመር ዱላውን ከትከሻው ሲያወርድ፣ አባቴም የእሱን ሲያጠብቅ አየሁ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ወደ መሐል የገባሁት። «ዓመት ተጽፎባታል። የአባቴን ሳንቲም ዓመት አውቀዋለሁ፣ ልይ» አልኩ። አያ ደምሴ ሁለቱን በመዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ይመር ዱላውን መሬት ላይ አኖረና ፊቴ በርከክ ብሎ «አንብብ፣ የወንድሜ ልጅ። አንተ ያልከውን እቀበላለሁ» አለኝ። በዚያ ሁሉ ክረምትና በጋ፣ ከዚያ ቤተሰብ መሐል አንድ ሰው ሌላውን ሲያምን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አነበብኩ። በሁለቱም ላይ ያው ዓመት ነበር። ደግሜ አነበብኩ፣ ምራቄን ቀብቼ አሸሁ፣ ጭረት ፈለግሁ፤ ሁለቱም ተጭረዋል። አንድ ናቸው ብል «ድሮስ ልጅ ምን ያነባል» ሊሉኝ ነው፤ ያን ሁሉ እንጨት የተሸከምኩበት ስም በአንድ ጠዋት ሊወድቅ ነው። ለምንጩ ስል ነው ወይስ ለስሜ ስል እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም፤ ብቻ ከምንጩ ድንጋይ ላይ የመጣችውን አንስቼ «ይህች የአባቴ ናት» አልኩ። ይመር ሌላዋን ከመዳፌ ወሰደ፣ ግንባሬን ስሞ «እደግ» አለኝና ወደ ላይኛው መሬት ወጣ።

በሚቀጥለው በልግ ታችኛው መሬት በነጭ ሽንኩርት ለመለመ። አባቴ ምንጩን በእሾህ አጠረና መግቢያውን በእኛ ደጅ በኩል አደረገው፤ የይመር ሴቶች ልጆች እንስራ አዝለው ሲመላለሱ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ስንት ጊዜ እንደሄዱ ያይ ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ስንኮተኩት ቀና ሳይል «የሳንቲሞቹ ዓመት እውነት ይለያይ ነበር?» አለኝ። «ይለያይ ነበር» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ማንንም የማያምን ሰው ያን አንድ ነገር ሳያጣራ ቀረ፤ መልሱ ሽንኩርቱን ያጠጣለት ነበርና።

ሰው ሆኜ ብዙ መጽሐፍ ካገላበጥሁ በኋላ ነው በእነዚያ ሳንቲሞች ላይ ለብዙ ዘመን ያንኑ አንድ ዓመት ሲያትሙ እንደኖሩ ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ መንግሥትም ሳንቲምም ተለዋወጠ፣ መሬት ተደለደለ፤ ያቺ ምንጭ ግን ከእኛ እጅ አልወጣችም። ይመር አርጅቶ ዓይኑ እስኪደክም ኖረ። የልጅ ልጁ መሠረት ከጅዳ የምትልከውን ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ሌላ አንባቢ በየቤቱ ሞልቶ ሳለ እኔን ያስጠራ ነበር፣ አንድም ጊዜ በሌላ ሰው አስደግሞ አላስነበበም። አንዲት ቃል ሳላጎድል አነብለት ነበር፤ አንብቤ ስጨርስም ልነግረው አፌን እከፍትና ስለ ዝናቡ አውርቼ እወጣ ነበር። ሳልነግረው ተቀበረ።

ለእነዚያ ልጆች ሻይ ቤት ውስጥ የሰጠሁት መልስ ግማሹ ነው። ሳንቲሟ አትቅር ያልኩት በዋጋው መጠጋጋት ብቻ አይደለም። ሁለት ወንድማማቾች እርስ በርስ ሲካካዱ አምነው በአንድነት የያዙት እሷን ብቻ ነበር፤ የበደላቸው ያነበባት ሰው ነው። እንዲህ ብዬ ብነግራቸው ግን ምን ያህል እንደሚስቁ አውቃለሁ።

ምንጯ ነጥፋለች። ዙሪያዋን ባሕር ዛፍ የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ገንዘብ አገኘሁበት፣ ዛፉም ውሃውን ጠጣው። መሠረት ከዓረብ አገር ተመልሳ በላይኛው ድንጋያማ መሬት ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረች፣ ቤቷን በቆርቆሮ ሠራች፣ ጥቁር የውሃ ታንከርም ከፍ አድርጋ ሰቀለች። ያኔ እነሱ ይወርዱ ነበር፣ አሁን እኔ ቢጫ ጀሪካን ይዤ እወጣለሁ። እሷ ቧንቧውን ትከፍትልኝና «ይቅዱ አባባ» ብላ ወደ ሥራዋ ትገባለች፤ ስንት እንደቀዳሁ ዞር ብላ አታይም፣ በሩንም አትቆልፍም። ለምን እንደማታይ እጠራጠራለሁ። አያቷ አንድ ነገር ነግሯት ይሆናል፤ ምንም አልነገራትም ይሆናል። ጀሪካኑ ሲሞላ ቧንቧውን አጥብቄ እዘጋና ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።