የአያት ስም የማያስገድደው ገጽ

በወጣሁበት ምሽት የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ሆሳዕና ወደሚገኘው ቤታችን መጥተው፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄድ ሁሉ እንደሚደረገው፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አንደኛው ሱቅ እንዲሰጠኝ ለመነ፤ ሌላው ከኬላ ፖሊስ እንዲሰውረኝ። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ በሐሳቤ ከቀድሞ ኃላፊዬ ጋር እከራከር ነበር።

በአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። የሕሙማን መረጃ የሚቀመጠው፣ ፕሮግራሙን ማንም በነጻ ወስዶ ሊያሻሽለው በሚችል ዳታቤዝ ላይ ነው። አንድን ሰው ለመፈለግ ግን በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ግድ ይላል፤ ያንን የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ በብራውዘር የሚከፈት፣ ማንኛዋም ሠራተኛ በማውስ ጠቅ እያደረገች የምትጠቀምበት ገጽ ሠራሁለት። በገጹ ላይ የአያት ስም ባዶ ሊታለፍ ይችላል።

የአገሬ ሰዎች ምክንያቱን ታውቃላችሁ፤ ከሌላ አካባቢ ወደዚህ ደቡብ አፍሪካ ለተሰደዳችሁ ግን ላስረዳ። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ወጉን የምትጠብቅ ሚስት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም። የልጇ አያት ደግሞ እርሱ ነው። ከጊምቢቹ የታመመ ልጅ አዝላ የመጣችን እናት የአያት ስም ተናገሪ ማለት አፏን መዝጋት ነው። በእኔ ገጽ የልጁንና የአባቱን ስም፣ ቀበሌዋንም ትናገራለች፤ ሠራተኛዋ የተገኙትን ታነብላታለች፤ እናት ራሷን ትነቀንቃለች።

ኃላፊው በግዢ ያልመጣ ነገር ንብረት አይባልም አለ። በጨረታ የተገዛ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ መጣ፤ የአያት ስም ካልተሞላ ንቅንቅ አይልም። እናቶች ስሙን የሚጠራ ሰው ፈልገው እንዲመጡ ወደ ውጭ ሲመለሱ አየሁ። ተቃወምኩ። በግምገማ ላይ ኋላ ቀር ልማድን በቴክኖሎጂ የሚያስፋፋ ተባልኩና ወደ ንብረት ክፍል ተወረወርኩ፤ ሥራውን ትቼ ለመሰደድ ቆረጥኩ።

በሞያሌ ወጥተን በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ጫካ ስንጓዝ ገጹን የያዘችውን ፍላሽ ሸሚዜ ኮሌታ ውስጥ ሰፍቻት ነበር። የሚያሻግረን ደላላ ወርቅ መስሎት ኮሌታውን ቀደደው፤ ሲያያት ተናዶ ፊቴ ላይ ወረወራት።

ጆሃንስበርግ፣ የጥገኝነት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ ሰርኔሜን ጠየቀችኝ። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም አልኳት።

«ታዲያ አንተን ማን ልበልህ?»

«በስሜ ጥሪኝ።»

«ኮምፒውተሩ አይቀበልም» አለችና በአያቴ ስም መዘገበችኝ። እዚህ የምጠራው በሟች ስም ነው።

አሁን ሎኬሽን በሚባል በአንድ የድሆች ሰፈር፣ በፎንቆው ተወላጅ በጋሽ ታምራት ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ስውጥ ቆጮ ይናፍቀኛል። ደንበኛ በሌለ ጊዜ ገጹን አሻሽላለሁ። ጋሽ ታምራት፣ «ምሁሩ፣ በነጻ ለምትሰጠው ነገር ዓይንህን ታጠፋለህ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ለቅቄዋለሁ። ማንም ይውሰደው፣ ይለውጠው፤ ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ የሠሪው ስም ከገጹ አይሰረዝ።

ዛሬ፣ በዚያው ካርድ ክፍል የተቀጠረችው እህቴ ምሕረት ደወለች። የተገዛው ፕሮግራም የፈቃዱ ጊዜ አልፎበት ቆሟል፤ ኃላፊው የእኔ እንዲጫን ፈቅዷል።

«ግን ወንድሜ፣ ስምህን ሰርዘህ ላክልን ብሏል። በሕገ ወጥ መንገድ የወጣ ሰው ስም መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ አይታይም አለ።»

«ሁሉን በነጻ ወስዶ፣ የጠየቅሁትን አንድ ነገር ይከለክለኛል?»

«ልክ ነህ። እስከዚያ ግን በወረቀት ካርድ ነው የምንሠራው፤ እሱም ያለ አያት ስም አይገኝም።»

ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል። የማን ልጅ ነው አልኳት።

«እናቱ መስኮቱ ጋ ቆማለች» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የአያቱን ስም ስጠይቃት አንገቷን ደፋች።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስሜ ከገጹ ግርጌ አለ፤ መሰረዙ የቅጽበት ሥራ ነው። ምሕረት ስልኩን ሳትዘጋ ትጠብቀኛለች፤ ልጁም ያለቅሳል።